ከማሳየትዎ በፊት ይጠይቁ

ከቀኑ 11 ሰዓት ሆኗል። ጠዋት ሱቁን ሲከፍቱ የነበረዎት ጉጉት ቀዝቅዟል። ከገቡት ሰዎች አብዛኞቹ «ዞር ብዬ ልምጣ» ብለው ወጥተው በዚያው ቀርተዋል። ደመወዝዎ ትንሽ ነው፤ ወሩን የሚደጉምልዎት ከሽያጭ የሚያገኙት ኮሚሽን ነው። የቤት ኪራይ መክፈያው ደግሞ ደርሷል። በዚህ መሀል አንዲት እናት በሩ ላይ ቆም ብለው «የኤሌክትሪክ ምጣድ አላችሁ?» ብለው ይጠይቃሉ።

መጀመሪያ ከአፍዎ የሚወጣው ምንድን ነው? ብዙዎቻችን «አለ እናቴ፣ ይግቡ! ይሄ አሁን የገባ ነው፤ ጥራቱ አንደኛ ነው» እንላለን። ሴትዮዋ ግን ስለ ራሳቸው ቤት ገና አንዲት ቃል አልተናገሩም። ምን እንደሚፈልጉ ሳናውቅ ማሞገስ ስንጀምር ገዢው ልቡ ይዘጋል፤ ሊያታልሉኝ ነው ብሎ ይጠረጥራል።

በሱቅ ተቀጥረው የሚሠሩም ሆኑ ቤት ሆነው በቴሌግራም የሚሸጡ፣ የዚህ ወር ምክራችን ለእርስዎ ነው። ምሳሌያችንም ይኸው ምጣድ ይሁን።

1. የነበረው ምን ሆነ?

ዕቃውን ከማውረድዎ በፊት ሦስት አራት ጥያቄ ይጠይቁ። «ቤተሰቡ ስንት ነው? በሳምንት ስንት ጊዜ ይጋገራል? ቤቱ ግቢ ነው ወይስ ኮንዶሚኒየም?» ከሁሉም የሚበልጠው ግን «የነበረው ምጣድ ምን ሆኖ ነው?» የሚለው ነው።

«ዳር ዳሩ ያራል፣ መሀሉ አይበስልም» ካሉዎት ምን ማሳየት እንዳለብዎ አወቁ። ሙቀቱን እኩል የሚያዳርሰውን ያቀርባሉ። «ቆጣሪ እየጣለ አስቸገረኝ» ካሉ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ በአብዛኛው ከ3 ኪሎዋት በላይ ኃይል ይስባል። የቤቱ ሽቦ ቀጭን ከሆነ ወይም ምጣዱና ሌላ ዕቃ በአንድ ሶኬት የሚሠሩ ከሆነ፣ አዲስ ምጣድ ቢገዙም ችግሩ አብሯቸው ይኖራል። ይባስ ብሎ መስመሩ ግሎ አደጋ ሊያመጣ ይችላል።

እንግዲህ ፈተናው እዚህ ላይ ነው። ዝም ብለው ቢሸጡ የዛሬው ኮሚሽን በእጅዎ ነው። «እናቴ፣ መጀመሪያ መስመሩን በኤሌክትሪክ ባለሙያ ያሳዩ» ቢሉ ደግሞ ሴትዮዋ ሳይገዙ ሊሄዱ ይችላሉ። ቀላል ምርጫ አይደለም፤ አከራይ ኮሚሽን ቀረ ብሎ አይታገስም። ቢሆንም እውነቱን ይንገሯቸው። ያልሆነ ዕቃ የተሸጠለት ሰው ተመልሶ የሚመጣው ለጠብ ነው፤ ካልመጣም ለጎረቤቱ፣ ለዕድርተኛውና ለዘመዱ ይናገራል።

2. ዕቃውን እንደ ባለቤቱ ይወቁት

«ጥራቱ አንደኛ ነው» የሚለውን ማንም ይለዋል። እርስዎ ግን ምጣዱ እስኪግል ምን ያህል እንደሚቆይ፣ ውስጡ ያለው ሽቦ ቢቃጠል የሚቀየር መሆኑንና ጋራንቲው ምን ምን እንደሚሸፍን ይወቁ። አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር ካልተሟሸ እንጀራው እንደሚይዝም ይንገሩ። በተለይ ጎጆ ለሚወጡ ወጣቶች ይህች ምክር ከቅናሽ ትበልጣለች። የማያውቁትን ሲጠየቁ «ይህን አላውቅም፤ ጠይቄ ልንገርዎ» ይበሉ፤ ከዚያም በእርግጥ ጠይቀው ይንገሩ።

3. «ተወደደ!» ሲሉ አይደንግጡ

መርካቶም ይሁን ቦሌ «የመጨረሻውን ንገረኝ» ሳይባል ግብይት የለም። ገዢው ገና «ተወደደ» ሲል ዋጋ የሚያወርድ ሻጭ ግን ራሱን ያስገምታል፤ ገዢው «ብጨቀጭቀው ኖሮ ስንት ይቀንስ ነበር?» ብሎ ያስባል። መጀመሪያ «ከምን ጋር አነጻጽረውት ነው?» ብለው በትሕትና ይጠይቁ። ቀጥሎ ዋጋው ውስጥ ያለውን ይዘርዝሩ፤ ቤት ድረስ ማድረስ፣ መግጠም፣ ጋራንቲ። አቅማቸው ካልፈቀደ በአቅማቸው ያለውን ያሳዩ፤ ፊትዎን ግን አያጥቁሩ።

4. ዋጋ አይደብቁ

በቴሌግራም የምትሸጡ፣ «ዋጋ በውስጥ መስመር» የምትለዋን ጽሑፍ ብትተዉአት ምን ይመስላችኋል? ገዢው «ሰው አይቶ ነው ዋጋ የሚጠራው» ብሎ ያልፋችኋል። ነጋዴ ዋጋውን ለሸማቹ በግልጽ ማሳየት እንዳለበት በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጭምር ተደንግጓል። ዋጋው የተጻፈ ከሆነ ጠርቶ የሚጠይቃችሁ ሰው ለመግዛት ያሰበ ነው፤ የእናንተም ጊዜ አይባክንም።

5. «ዞር ብዬ ልምጣ» ላለው ስንቅ ይስጡ

የሚወጣውን ሰው አያኩርፉ። «እሺ እናቴ፤ ሌላ ጋ ሲጠይቁ ሽቦው ይቀየር እንደሆነና ጋራንቲው የስንት ጊዜ እንደሆነ ይጠይቁልኝ» ብለው ይሸኟቸው። በሄዱበት ሱቅ ሁሉ የእርስዎን ጥያቄ ይዘው ይዞራሉ። መልስ ያጡ እንደሆነ የሚያስታውሱት እርስዎን ነው።

6. ደብተር ይኑርዎት

ገንዘቡ በቴሌብር ሲገባ ሽያጩ አለቀ ማለት አይደለም። የገዢውን ስም፣ ስልክ፣ የገዛውን ዕቃና ቀኑን በፈቃዱ ይጻፉ። ከሳምንት በኋላ በሥራ ሰዓት ይደውሉ፤ «ምጣዱ እንዴት ሆነልዎ? ዓይኑ በደንብ ይወጣል?» ይበሉ። ሌላ ዕቃ ለመሸጥ ግን አይደውሉ። ከጥምቀት በኋላ ሠርግ ሲበዛ፣ በዓል ሲቃረብ፣ «ደህና ሻጭ ታውቂያለሽ?» ሲባል የሚነሣው የእርስዎ ስም ነው።

ለባለሱቆችም አንድ ቃል አለን። ሠራተኛዎን ማታ ማታ «ዛሬ ስንት ሸጥሽ?» ብቻ ብለው የሚጠይቋት ከሆነ፣ ቀስ በቀስ መዋሸት እያስተማሯት ነው። «ማን ተመልሶ መጣ? ማንስ በሰው ተልኮ መጣ?» ብለው ይጠይቁ። ሰው ለላከልዎት ሠራተኛም ጥቂት ጉርሻ ያስቡላት። እውነት በመናገሯ የምትጎዳ ከሆነ እውነት መናገሯን ትተዋለች።

እነዚያ እናት መስመራቸውን አሠርተው ሊመለሱ ይችላሉ፤ ላይመለሱም ይችላሉ። እርስዎ ግን በሚቀጥለው ሳምንት ይህችን ብቻ ይሞክሩ፤ ሦስት ጥያቄ ሳይጠይቁ አንድም ዕቃ ከመደርደሪያ አያውርዱ። ማታ ማታ የሰሙትን በደብተርዎ ይጻፉ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ የሻጭም ስም እንዲሁ ነው።

መልካም ገበያ!