የእንጦጦን ደን ማን ይጠብቀው?

ደን የተራራ ልብስ ነው። ልብሱን የተገፈፈ ተራራ አፈሩን ያጣል፤ አፈሩን ያጣ ተራራም ከግርጌው ለሰፈረው ከተማ በክረምት ጎርፍን፣ በበጋ ጥምን ያወርሳል። ለዚህም ከእንጦጦ የተሻለ ምስክር አይገኝም።

ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጠው ይህ ተራራ ቀድሞ በጥድ፣ በወይራና በኮሶ የተሸፈነ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ከተሙበት፤ በ1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ጫኑ። ከተማው በሰፋ ቁጥር ግን ደኑ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ተጨፈጨፈ። የእንጨት እጦቱ ከመክፋቱ የተነሣ በ1890ዎቹ መጀመሪያ መናገሻው ወደ አዲስ ዓለም እንዲዛወር እስከ መታሰብ ተደርሶ ነበር። አዲስ አበባን ከመፈታት ካዳኗት አንዱ ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ መሆኑ የማይካድ ሐቅ ነው።

ሆኖም ባለውለታም እንከን አያጣም። ባሕር ዛፍ ፈጥኖ ያድጋል፤ ሲቆረጥም ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ነገር ግን ውሃ አብዝቶ ይመጥጣል፤ ከሥሩም ሣርና ቁጥቋጦ እንደ ልብ አይበቅልም። ቅጠሉ ለማገዶ ተጠርጎ በተወሰደበት ዳገት የክረምቱ ዝናብ የሚያርፈው በራቁት መሬት ላይ ነው። ቀበናና ቀጨኔ ከዚሁ ተራራ የሚነሡ ወንዞች ናቸውና ጉዳቱ በተራራው ላይ ብቻ አይቀርም።

በ2013 ዓ.ም. በእንጦጦ የተከፈተው ፓርክ ለከተሜው መናፈሻ ሆኗል፤ ይህ መልካም ነው። ይሁን እንጂ ደን የሚለካው በተተከለው ችግኝ ብዛት ሳይሆን ከሦስትና ከአራት በጋ በኋላ ጸድቆ በተገኘው ነው። ባሕር ዛፉ በአንድ ጊዜ ይመንጠር ማለታችን አይደለም፤ ዳገቱ ሳይራቆት በየተራ በአገር በቀል ዛፍ ይተካ ነው የምንለው።

ከሁሉም በላይ፣ ጀርባቸው እስኪጎብጥ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው ከእንጦጦ ቁልቁል ሲወርዱ የኖሩት እናቶችና እኅቶች ሊዘነጉ አይገባም። ረሃብ ዘበኛን አይፈራምና እነርሱን ማባረር ደኑን አያድንም። ችግኝ አፍልተው፣ ኮትኩተውና ጠብቀው ደመወዝ የሚያገኙበት ሥራ ቢሰጣቸው ግን ዳገቱን ከእነርሱ አብልጦ የሚያውቅ ጠባቂ ከየት ይመጣል?

ወታደር በበረሃ ጉዞ የአንዲት ኮዳ ውሃን ዋጋ ያውቃል፤ ከተሜውም ቧንቧው ሲደርቅ ያስታውሰዋል። ደን የለበሰ ተራራ ለሁለቱም የውሃ ግምጃ ቤት ነው። «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» እንዲሉ፣ ግምጃ ቤቱ ሳይራቆት መጠበቅ የሁላችንም ግዴታ ነው።