በደጃችን ያለፈችው ሚኒባስ



ዛሬ የምንጽፈው ስለ ኳስ ነው። «መጋቢን ከኳስ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል እንደሚኖር እናውቃለን፤ ሃምሳ ዓመት እስኪያልፈን እኛም እንዲሁ ስንል ነው የኖርነው። ሆኖም ከልባችን አልወጣ ያለ አንድ ጉዳይ አለ። ንስሐም ስላለበት በአደባባይ መናገሩን መረጥን።

ፍኖተ ሰላም ከአዲስ አበባ 387 ኪሎ ሜትር፣ ከባሕር ዳር ደግሞ 176 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ በደብረ ማርቆስ በኩል የሚመጣው አውራ ጎዳና አቋርጧት የሚያልፍ ከተማ ናት። የእኛ አጥቢያ ከመንገዱ ብዙም አትርቅ። እሑድ ጠዋት ጸሎት ላይ ሆነን የመኪና ጥሩንባ መስማት ልማዳችን ነው። በ2011 ዓ.ም. ግን ሌላ ዓይነት ጥሩንባ መጣ። ባሕር ዳር ከነማ፣ ደጋፊዎቹ «የጣና ሞገዶቹ» የሚሉት፣ ወደ ፕሪሚየር ሊግ አድጎ የመጀመሪያ ዓመቱ ነበር። ቡድኑ በሜዳው ሲጫወት የፍኖተ ሰላም፣ የማንኩሳና የቡሬ ወጣቶች ሚኒባስ ተከራይተው፣ ማሊያቸውን ለብሰው፣ በመስኮት ግማሽ አካላቸውን አውጥተው እየጨፈሩ በቲሊሊ፣ በእንጅባራ፣ በዳንግላና በመራዊ አድርገው ወደ ጣና ዳር ይጓዛሉ። ጉዟቸው እሑድ ላይ ሲውል እኛ ዝማሬ ስንጀምር እነርሱ ደጃችንን አልፈው ይሄዳሉ።

ከእነዚህ አንዱ የእኛው ልጅ ነበር። ስሙን አንጠራም። ከቡሬ ወጣ ብሎ ካለ ገጠር፣ በርበሬ ከሚያመርት ቤተሰብ ተወልዶ፣ ለትምህርት ፍኖተ ሰላም መጥቶ በእኛ መካከል ጌታን አገኘ። ወንበር የሚደረድር፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩን የሚያስነሳ፣ ከሁሉ በኋላ በሩን ዘግቶ የሚወጣ ልጅ ነበር። ኋላ የኤሌክትሪክ ሥራ ተምሮ አዲስ አበባ ገባ። ባሕር ዳር በሜዳው ሲጫወት ግን ገንዘብ ባገኘ ቁጥር ይመጣል። ቅዳሜ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተሳፍሮ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ ከሰዓት በኋላ ፍኖተ ሰላም ይደርሳል። አክስቱ ቤት ያድርና እሑድ ማለዳ ሚኒባሷ ላይ ይወጣል። ማክሰኞ ሥራው ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ሲኬድ 565 ኪሎ ሜትር ነው፤ ለ90 ደቂቃ ጨዋታ ደርሶ መልሱ ከ1,100 ኪሎ ሜትር ይበልጣል።

ከእሑዶች በአንዱ ጨዋታ አልነበረም። ልጁ እናቱን ሊጠይቅ መጥቶ ኖሮ ከኋላ ወንበር ተቀምጧል። እኛም መድረክ ላይ ወጥተን ያንን ስብከት ሰበክን። የትኛውን ስብከት እንደሆነ ታውቁታላችሁ፤ በአገራችን ይህን ያልሰማ አማኝ ይኖራል ብለን አናምንም። ለኳስ ሲሆን ስንት መቶ ኪሎ ሜትር እንጓዛለን፣ ለጌታ ቤት ሲሆን ግን ካፊያ ያስቀረናል የሚለው። ሰዎች «አሜን» አሉ፤ አንዳንዱ ዞር ብሎ ወደ ኋላ ተመለከተ። ልጁ አንገቱን ደፋ። እውነቱን ለመናገር የዚያን ቀን ስብከቱ የተዋጣልን መስሎን ነበር።

ከዚያ በኋላ ልጁን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አላየነውም።

ይህን ስብከት ደግመን አንሰብከውም። ምክንያቱን እንንገራችሁ። ሰውን ማሳፈር ቀላል መሆኑ አንድ ነገር ነው፤ ከዚያ በላይ ግን ጌታ ራሱ እንዲህ አላስተማረም። በማቴዎስ 13 ላይ አንድ ዕንቁ ለመግዛት ያለውን ሁሉ የሸጠ ነጋዴ አለ። ጌታ ነጋዴውን «ለድንጋይ እንዲህ ትሆናለህ?» አላለውም፤ መንግሥተ ሰማያትን በእርሱ ፍለጋ መሰላት። የሰው ልብ አንድን ነገር አጥብቆ ሲፈልግ ባየ ጊዜ ፍለጋውን አከበረው። እኛ ግን የልጁን ፍለጋ ምን እንደሆነ እንኳ ሳንጠይቅ ፈረድንበት።

የጠየቅነው ከአራት ዓመት በኋላ ነው፤ እርሱም በአጋጣሚ። በ2015 ዓ.ም. ለአገልጋዮች ስብሰባ ከአንድ ወንድም ጋር ሐዋሳ ሄደን ነበር። ያ ባሕር ዳር ከነማ በሊጉ ሁለተኛ ሆኖ ያጠናቀቀበት ዓመት ነው። በስታዲየሙ በኩል ስናልፍ አንዱ ከሰልፍ መሐል ወጥቶ «ጋሼ!» አለና ትከሻችንን ሳመን። እርሱ ነው። ጢም አውጥቷል። ሻይ ቤት ገብተን ተቀመጥን።

«ልጄ፣ ምነው ጠፋህ?» አልነው።

«አልጠፋሁም ጋሼ፤ አልፈለጋችሁኝም እንጂ» አለና ሳቀ። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። «አዲስ አበባ የምሄድበት ቤተ ክርስቲያን ትልቅ ነው፤ እሑድ ብቻ ሦስት ፕሮግራም አለው። ገብቼ እወጣለሁ። በዚህ ሁሉ ዓመት ስምህ ማን ነው ያለኝ የለም። ስታዲየም ግን ‹የቡሬው› ይሉኛል። አንድ ጨዋታ ከቀረሁ ስልኬ ይጮሃል። አባቴ ያረፈ ጊዜ ከባሕር ዳር አንድ ሚኒባስ ሙሉ ሰው ቡሬ ድረስ መጥቶ ለቅሶ ደርሶኛል። ከቤተ ክርስቲያናችን ግን…»

እዚህ ላይ ዝም አለ። አልጨረሰውም፤ እኛም ጨርስ አላልነውም። ከባሕር ዳር ቡሬ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከፍኖተ ሰላም ቡሬ ግን 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አባቱ ማረፋቸውን በዚያው ሳምንት ሰምተናል። ጉባኤ ነበረን። ደግሞም አባቱ የእኛ እምነት ተከታይ ስላልነበሩ ቤተሰቡ ደስ ባይለውስ ብለን ተውነው። የኳስ ደጋፊዎቹ የሟቹን እምነት አልጠየቁም።

የዚያን ዕለት ስታዲየም ይዞን ገባ። በዕድሜያችን ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ስለ ጨዋታው ብዙ የምንነግራችሁ የለም፤ ዓይናችን ሜዳው ላይ አልነበረም። አንድ ነገር ግን ገረመን። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሊጉ በኮሮና ምክንያት በጥቂት ከተሞች ተሰባስቦ ይካሄድ ነበር፤ ጨዋታዎቹም በዲኤስቲቪ ይተላለፉ ነበር። አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ሐዋሳ፣ ድሬዳዋ፣ አዳማ ሲያስተናግዱ ቆይተዋል፤ ባሕር ዳርም ተራ ሲደርሳት አስተናግዳለች። ስለዚህ ከፍኖተ ሰላም ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀን፣ ሐዋሳ ላይ ተቀምጠን ባሕር ዳር «ባለሜዳ» ሊባል ይችላል። ልጁን «ታዲያ ሜዳችሁ የት ነው?» አልነው። ጣቱን ወደ ሜዳው አልቀሰረም፤ አጠገቡ ወደ ተቀመጡት ሃያ ያህል ልጆች ነው ያሳየን። ከመካከላቸው ሦስቱ የዳሞትና የአቸፈር ልጆች ነበሩ፤ አንዱ ሻሸመኔ ነው የሚኖረው።

ይህ ነገር በእኛ ብቻ አልደረሰም። ብሔራዊ ቡድናችን ራሱ በባሕር ዳር ስታዲየም ኅዳር 2012 ዓ.ም. ኮትዲቯርን 2 ለ 1 ካሸነፈ በኋላ፣ ካፍ ስታዲየሙን ሲያግደው በባዕድ አገር ባለሜዳ ሆኗል። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፍንበት «የሜዳችን» ጨዋታ የተካሄደው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው። የዩክሬኑ ሻክታር ዶኔትስክ ደግሞ በጦርነት ምክንያት ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በከተማው ተጫውቶ አያውቅም። በሊቪቭ፣ በካርኪቭ፣ በኪየቭ፣ ለአውሮፓ ጨዋታም እስከ ጀርመኗ ሐምቡርግ ድረስ «ቤቱን» ይዞ ተንከራቷል። ደጋፊው ግን አሁንም የዶኔትስክ ቡድን ይለዋል።

መጽሐፍ ቅዱስ ይህን ስሜት አሳምሮ ያውቀዋል። ከመዝሙር 120 እስከ 134 ያሉት መዝሙሮች የተጓዦች መዝሙር ናቸው። ርቀው የሚኖሩ ሰዎች፣ አንዳንዱም በባዕዳን መካከል ሰላም ያጣ፣ ወደ ኢየሩሳሌም ሲወጡ የሚዘምሯቸው። ዘዳግም 16፥16 በዓመት ሦስት ጊዜ ውጡ ሲል እግዚአብሔር መንገዱ ሩቅ መሆኑ ጠፍቶት አይደለም። በሉቃስ 2 ላይ ዮሴፍና ማርያም ልጃቸው አብሯቸው የሌለ መሆኑን ሳያውቁ የአንድ ቀን መንገድ የሄዱት ለምን ይመስላችኋል? ከዘመድ ወዳጅ ጋር ይሆናል ብለው ነው። ጉዞው ራሱ ኅብረት ነበር። ሚኒባስ የሞላ ዘመድ ማለት ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ያሰብነው በሐዋርያት ሥራ 8 ላይ ያለውን የአገራችንን ሰው ነው። (በነገረ መለኮት ኮሌጅ ሳለን መምህራችን በዚያ ዘመን «ኢትዮጵያ» የተባለው በዛሬዋ ሱዳን የነበረው የሜሮዌ መንግሥት እንደሆነ ሲነግሩን ክፍሉ በሙሉ አኩርፎ ነበር። እኛ ዛሬም የአገራችን ሰው እንለዋለን።) ጃንደረባው ያን ሁሉ በረሃ አቋርጦ ኢየሩሳሌም ሄደ። ዘዳግም 23፥1ን የሚያውቅ ሰው፣ እንደ እርሱ ያለው ወደ ጉባኤው እንዳይገባ ሕጉ እንደሚከለክል ያውቃል። በዚያ ምን እንደገጠመው ሉቃስ አልጻፈልንም። የምናውቀው እየተመለሰ ሳለ መንፈስ ቅዱስ ፊልጶስን ወደ ሠረገላው መላኩን ነው። ፊልጶስ «ስንት ኪሎ ሜትር መጣህ? ለምን?» ብሎ አላሳፈረውም። አጠገቡ ተቀመጠና ካነበበው ጀመረለት። እኛ ፊልጶስ መሆን ሲገባን ደጃፍ ላይ ቆመን የሚያልፈውን ሠረገላ ስንቆጥር ነበር።

አዎ፣ ኳስ ጣዖት የሚሆንበት ጊዜ አለ። በየሰፈሩ የተከፈተው የውርርድ ቤት የስንቱን ደመወዝ እንደበላ እናውቃለን፤ ይህንን አጥብቀን እንቃወማለን። በ2010 እና በ2011 ዓ.ም. አንዳንድ ጨዋታ በብሔር ስድብና በድንጋይ ምክንያት በገለልተኛ ሜዳ እስከ መካሄድ መድረሱንም አልረሳንም። እሑድን በሙሉ ለኳስ የሰጠ ሰው ከቅዱሳን ኅብረት ይጎድላል፤ ዕብራውያን 10፥25 አልተሻረም። ነገር ግን ያ ጥቅስ እርስ በርስ መበረታታትንም ይጠይቃል። ያላበረታታነውን ሰው ስለ መቅረቱ ብቻ ለመውቀስ ግማሹን ጥቅስ ብቻ ማንበብ ይኖርብናል።

ይህን የምታነብ፣ ቤተ ክርስቲያን ከገባህ ዓመታት ያለፉህ ወንድም፣ የምታነቢም እህት፣ ምናልባት እንዲህ ያለ ስብከት አስወጥቷችሁ ይሆናል። በእኛ አፍ የተነገረ ባይሆንም በእኛ በአገልጋዮች አፍ የተነገረ ነውና ይቅርታ እንጠይቃችኋለን።

ከሐዋሳ ከተመለስን በኋላ ከአጥቢያችን ወጥተው አዲስ አበባ፣ አዳማ፣ ነቀምቴና ዓረብ አገር የሄዱትን ልጆች ስም ጻፍን። ደብተሩ ላይ 61 ስም ሰፈረ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁለት እህቶችና እኛ ተከፋፍለን እንደውላለን። ከ2015 ማብቂያ ወዲህ በክልላችን ባለው ግጭት መንገዱ በየጊዜው ይዘጋል፤ ኔትወርክም የሚጠፋበት ጊዜ ብዙ ነው፤ እንደ ልብ መምጣትም ሆነ መደወል አልተቻለም። ቢሆንም የተገኘው ቀን እንደውላለን። ለለቅሶ ደግሞ፣ የሟቹ እምነት ምንም ይሁን ምን፣ ከአጥቢያችን ሰው ሳይሄድ እንዳይቀር ተስማምተናል።

አንድ ነገር ግን አላስማማንም። ሰላም ወርዶ፣ ሊጉ ወደየከተማው ተመልሶ ባሕር ዳር እሑድ ቀን በሜዳው ሲጫወት፣ በዚያ ቀን አምልኮውን ከንጋቱ 12 ሰዓት እንጀምር፣ ሚኒባሷም 2 ሰዓት ላይ ከእኛ ደጅ ትነሣ ብለን ለሽማግሌዎች አቀረብን። ከመካከላቸው አንድ አባት «ነገ ደግሞ ለገበያ ቀን ፕሮግራም ቀይሩ ልትሉን ነው?» አሉ። ሌላው «አባባ፣ ልጆቹ ጸሎት አድርገው ቢሄዱ ምን ከፋ?» ሲሉ መለሱላቸው። እኚያው አባት ስብሰባው ሳይበተን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ለመሆኑ በመኪናዋ ውስጥ ስንት ሰው ይይዛል?» ብለው ጠየቁ። ጉዳዩ ገና አልተወሰነም።