የጡረታ ቃልና የመንግሥት ካዝና

ጡረታ ምጽዋት አይደለም፤ ሠራተኛው በጉልበቱ ዘመን ለእርጅናው ያቆየው የድካሙ ዋጋ ነው። ታዲያ መንግሥት ለጡረታው የሚያዋጣውን ድርሻ ቢያስቀር፣ ፍርድ ቤት ሊያስገድደው ይችላልን?

በአሜሪካ በኒው ጀርሲ ግዛት የሆነውን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ሕግ የመንግሥት ሠራተኞች ከደመወዛቸው የሚያዋጡትን ከፍ አደረገ፤ የመንግሥትም ድርሻ በየዓመቱ እያደገ እንዲከፈል ደነገገ። ሠራተኞቹ አዋጡ። በ2014 ግን አገረ ገዥው ክሪስ ክሪስቲ የታክስ ገቢ ጎድሏል በማለት የመንግሥትን ድርሻ ቀነሱ። ሠራተኞቹ ከሰሱ፤ የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በ2015 ዳኞች ክፍያውን ማዘዝ እንደማይችሉ ፈረደ። ሕገ መንግሥቱ በጀት የመመደብን ሥልጣን የሰጠው ለሕግ አውጪውና ለአገረ ገዥው ነውና።

እኔም ዳኛ የካዝና ቁልፍ ይያዝ አልልም፤ ትምህርት ቤቱንም ሆስፒታሉንም ጡረተኛውንም አመዛዝኖ ገንዘብ መደልደል የሕዝብ ተመራጮች ሥራ ነው። ነገር ግን ገንዘብ ያልተመደበለት መብት «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ከመሆን አያልፍም። በ2021 የጸደቀው የኒው ጀርሲ በጀት ሙሉውን መዋጮ መድቧል፤ ይህም የሆነው በሹማምንቱ ፈቃድ እንጂ በፍርድ ኃይል አይደለም። የመጪው ሹም ፈቃድ ቢለወጥስ?

ስለዚህ መዋጮው በየዓመቱ እንዲመደብ በሕገ መንግሥት ሊደነገግ ይገባል። ያን ጊዜ ዳኛው የሌላውን ሥልጣን ሳይነካ ያስከፍላል። የዛሬ ወጣት የነገ አዛውንት ነውና፣ እናንተስ በዚህ ላይ ምን ትላላችሁ?