ሁለት ድምፅ በአንድ ሽቦ

አንባቢ ሆይ፤ የወላጆች በዓል ደርሷል እንበል። ስልክዎ ሙዚቃ ያሰማል፤ ጓደኛዎ ያመጣው በባትሪ የሚሠራ ኦርጋን ደግሞ ዜማ ያወጣል፤ አምፕሊፋየሩ ግን መግቢያው አንድ ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ ቶሎ የሚመጣው ሐሳብ የሁለቱን ሽቦ ጠምዝዞ ማገናኘት ነው። እባክዎ አይጠምዝዙ! የሁለቱም መውጫ ኤሌክትሪክ ለመስጠት እንጂ ለመቀበል አልተሠራምና፣ በቀጥታ ሲገጣጠሙ አንዱ ሌላውን ይጫናል፤ ድምፁ ይበላሻል፤ መሣሪያውም ሊጎዳ ይችላል።

መድኃኒቱ ርካሽ ነው። በእያንዳንዱ መሣሪያ መስመር ላይ አንድ የ10 ሺህ ኦም ሬዚስተር ያግቡ፤ የሬዚስተሮቹን ሌላ ጫፍ በአንድ ነጥብ አገናኝተው ከዚያ ወደ አምፕሊፋየሩ ይውሰዱ። ግራውንዶቹ ሁሉ በአንድነት ይታሰራሉ። የስልኩ መሰኪያ የግራና የቀኝ ሁለት መውጫ ስላለው፣ እነዚህም የየራሳቸውን ሬዚስተር ይሻሉ። ጉስታቭ ኪርሾፍ እ.ኤ.አ. በ1845 ያወጣው፣ እኛ ለፈተና ብቻ የምንሸመድደው ሕግ፣ እዚች ነጥብ ላይ ሥራውን ይሠራል፤ ወደ ነጥቡ የገባው ኤሌክትሪክ ሁሉ ተደምሮ ይወጣል። ሁለት መስመር ሲጣመር የእያንዳንዱ ድምፅ ቮልቴጅ ወደ ግማሽ፣ ሦስት ሲሆን ወደ ሲሶ ገደማ ይወርዳል፤ የጎደለውን አምፕሊፋየሩ ይሞላዋል።

ብዙ ጀማሪ የሚሰናከለው ግን ለእያንዳንዱ ድምፅ የራሱን ቮልዩም ሲያበጅ ነው። «ቮልዩሙ ራሱ ሬዚስተር አይደለምን?» ብሎ ሁለቱን ሬዚስተሮች ያወጣቸዋል። አነጋገሩ የብልህ ይመስላል። ነገር ግን ሙዚቃውን ለማጥፋት ቮልዩሙን እስከ መጨረሻው ሲመልሰው፣ የቮልዩሙ መካከለኛ እግር ከግራውንድ ጋር ይገናኛል፤ የኦርጋኑም ድምፅ በዚያው ቀዳዳ ፈስሶ ይቀራል። በሕዝብ ፊት ኦርጋኑን የሚመታው ወዳጃችን ጣቶቹ ሲሮጡ ይታያሉ እንጂ የሚሰማ ነገር የለም! ስለዚህ ከመሣሪያው ቀጥሎ ቮልዩም፣ ከቮልዩሙ መካከለኛ እግር ቀጥሎ ሬዚስተር፣ ከዚያ በኋላ መጋጠሚያው ይሁን። ያን ጊዜ አንዱ ቢዘጋ ሌላው አይጠፋም።

ማይክሮፎን በዚህ መንገድ አይገባም፤ የሚሰጠው የቮልት ጥቂት ሺህኛ ብቻ ስለ ሆነ፣ አስቀድሞ በራሱ ትንሽ አምፕሊፋየር መጎልበት አለበት። ወደ ስፒከር የሚሄደውን ሽቦም ከዚህ ነጥብ ጋር ከቶ አያገናኙ፤ ኃይሉ ብዙ ነው።

ሠርተው ሲጨርሱ ሳጥኑን ከመዝጋትዎ በፊት አንዱን ቮልዩም ጨርሰው ይመልሱና ሌላውን ያዳምጡ፤ እርሱም አብሮ ከጠፋ ሬዚስተሩ በየትኛው ወገን እንደ ተበየደ ይመልከቱ።