መርማሪ መሣሪያ ያየውን ይናገር፤ ፍርዱን ለሰው ይተው

ማይክ ሙስ የተባለው አሜሪካዊ ፕሮግራመር «ፒንግ»ን የጻፈው በዲሴምበር 1983 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያውም በአንድ ምሽት። ከ40 ዓመት በኋላ ዛሬም ኔትወርክ ሲበላሽ የባለሙያ እጅ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ እሱ ነው። ለምን? ስለማይዋሽ ነው። ፓኬት ይልካል፣ መልስ ይጠብቃል፣ የፈጀውን ጊዜ በሚሊሰከንድ ይጽፋል፤ መጨረሻ ላይም ስንት ልኮ ስንት እንደተመለሰለት ይቆጥራል። መልስ ቢያጣ «ሰርቨሩ ሞቷል» አይልም። ፋየርዎል ዘግቶት ሊሆን ይችላላ!

የቫን ጃኮብሰን «ትሬስራውት»ም እንዲሁ ነው። ፓኬቱ የሚያልፍባቸውን ራውተሮች በተራ ይዘረዝራል፤ መልስ ያላገኘበት ቦታ ላይ ኮከብ አስቀምጦ ያልፋል። ያላየውን በግምት አይሞላም።

አሁን አሁን ግን ፋሽኑ ሌላ ሆኗል። ትእዛዙ ሲጻፍ አረንጓዴ ምልክትና «ሁሉም ደህና ነው» የሚል ቃል ይመጣል። ምን ተላከ? የትኛው ዲኤንኤስ ሰርቨር ተጠየቀ? ምን መለሰ? ዝም! ይባስ ብሎ አንዳንዱ መሣሪያ ራሱ ካልተገናኘ አይሠራም። ኔትወርክ ሲቋረጥ ኔትወርክ የሚለምን መርማሪ ለማን ይጠቅማል?

ቴርሞሜትር 39 ብሎ ቁጥሩን ያሳያል እንጂ «አይዞህ፣ ደህና ነህ» አይልም። ቢል ኖሮ የትኛው ሐኪም ያምነው ነበር?

«ለጀማሪ ይከብዳል» የሚለው ክርክር ከንቱ አይደለም። መፍትሔው ግን ማስረጃውን መደበቅ ሳይሆን ከማስረጃው ጎን ማብራሪያ መጨመር ነው። ቀለሙም ማብራሪያውም ለፈለገ ሰው በአማራጭ ይቅረብ፤ ጥሬው ውጤት ግን አይነካ። በሊኑክስ ላይ ፒንግ መልስ ሲያገኝ 0፣ ሲያጣ 1፣ ሌላ ስሕተት ሲገጥመው 2 ይመልሳል። በእነዚህ ሦስት ቁጥሮች ላይ የቆመ ስክሪፕት ለዓመታት ይሠራል። በአረንጓዴ ምልክት ላይ የቆመ ግን ምልክቱ በተቀየረ ማግስት ይወድቃል።

ጉዳዩ የውበት ምርጫ አይደለም። አገልግሎት ሲቋረጥ ደንበኛው አቅራቢውን፣ አቅራቢው የሰርቨሩን ባለቤት ይከሳል። ክርክሩን የሚፈታው «እስከዚህ ራውተር ደርሷል፤ ከዚያ ወዲያ መልስ የለም» የሚል ማንም ደግሞ ሊያየው የሚችል መስመር ነው። ያ መስመር በተደበቀ ቁጥር የሚያሸንፈው እውነት ያለው ሳይሆን ድምፁ የጎላው ነው።