አንድ ቤተሰብ፣ ሁለት ሰልፍ
ሌሊት ከቦሌ ተነስቶ ማለዳ ሂትሮው ተርሚናል 2 በሚያርፈው አውሮፕላን ውስጥ አባት ኢትዮጵያዊ፣ እናትና ልጆች ብሪታንያዊ የሆኑበት ቤተሰብ አይጠፋም። አዋጅ ቁጥር 378/1996 ጥምር ዜግነት ስለማይፈቅድ፣ አንዱ ወላጅ ለአገር ቤት ጉዳይም ይሁን ለስሜቱ ብሎ የኢትዮጵያን ፓስፖርት ይዞ ይቀራል። ፓስፖርት መቆጣጠሪያው ጋ ግን ቤቱ ለሁለት ይከፈላል፤ አውቶማቲክ በሮቹ ያንን ፓስፖርት አይቀበሉም። የብሪታንያ የድንበር ኃይል ራሱ ለብሪታንያና ለአውሮፓ ፓስፖርት 25፣ ለሌላው 45 ደቂቃ የጥበቃ ጣሪያ ሲያስቀምጥ ኖሯል። እኔ የምለው፣ አትለያዩ፤ አስተናባሪውን ጠይቃችሁ መኮንን ወዳለበት መስኮት አብራችሁ ሂዱ። የስማችንም ነገር አለ። የብሪታንያ መንግሥት መመሪያ፣ ልጅ ይዞ የሚገባ ሰው የቤተሰብ ስሙ ከልጁ ጋር ካልገጠመ ዝምድናውን አስረዳ ሊባል እንደሚችል ይናገራል። እኛ ዘንድ ደግሞ እናት በአባቷ፣ አባት በአባቱ፣ ልጅም በአባቷ ስም ስለምትጠራ በሦስት ፓስፖርት ላይ ሦስት የቤተሰብ ስም ይሰፍራል (የልደት ሰርተፍኬቱ ከሻንጣ ሳይሆን ከእጅ ቦርሳ ይግባ)። አባት አጠገባቸው ቢቆም ግን ጥያቄው ገና ሳይነሳ ሊያልቅ ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት የድንበር ሕግ በነፃ የመዘዋወር መብት ያለው ዜጋ ቤተሰቡን ይዞ በዜጎች ሰልፍ እንዲያልፍ በጽሑፍ ፈቅዷል። ሎንዶንስ ይህንኑ ከሰልፉ በላይ በተሰቀለው ሰሌዳ ላይ ጎላ አድርጋ ብትጽፈው ምን ይጎድልባታል?