ድስቱ ይገባል፣ እሷ ደጅ ትቀራለች

እናቴ ጎመን የምትቀቅልበትን ድስት የሠራችው ሴት እናቴ ቤት ገብታ እህል ቀምሳ አታውቅም። ድስቱ ግን ከምድጃችን ወርዶ አያውቅም። ሲሰበር ቅዳሜ ጂንካ ገበያ ወርደን፣ ዋጋ ተከራክረን፣ ከእጇ ተቀብለን ሌላ እናመጣለን። እጇ የዳበሰውን ሸክላ ጓዳ እናስገባለን፣ እጇን ግን ከገበታችን እናርቃለን።

በእኛ በአሪ ሕዝብ ዘንድ ሸክላ የሚሠራው፣ ብረት የሚቀጠቅጠው ቤተሰብ «ማና» ይባላል። አራሹ «ካንትሳ» ነው። እኛ ካንትሳ ነን። ካንትሳ ከማና ጋር አይበላም፣ አይጋባም ሲባል እየሰማሁ አደግሁ። ልጅ ሳለሁ ሸክላ ይዛ ለምትመጣ ሴት ምግቧ በኮባ ቅጠል ተደርጎ ደጅ ይሰጣት ነበር። ቅጠሉ ለምን እንደተመረጠ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ሳህን ታጥቦ ወደ እኛ ይመለሳል፣ ቅጠል ግን ይጣላል።

ባለፈው ፋሲካ ታናሽ ወንድሜ ሊያገባት ያሰባትን ልጅ ይዞ መጣ። እናቷ ሸክላ ሠሪ ናት። ማዕዱ ቀርቦ፣ አባዬ እጁን ታጥቦ ነበር። አክስቴ ጠጋ ብላ በአሪኛ የማን ልጅ እንደሆነች ነገረችው። ፎጣውን አስቀምጦ ተነሣ፣ አንድ ቃል ሳይናገር ወጣ። እማዬ ደግሞ ለልጅቷ ለብቻዋ አቀረበችላት። «እንግዳ ስለሆንሽ ነው» አለቻት። ሳህኑን አየሁት። ጠርዙ የተሸራረፈ፣ ማንም የማይበላበት የቆርቆሮ ሳህን ነበር። ልጅቷም አየችው። ቀና ብላ ወንድሜን ተመለከተች፤ እሱ መሬት መሬት ያያል።

ተነሥቼ አጠገቧ ተቀመጥሁና ከዚያ ሳህን ጎረስሁ። አክስቴ ጮኸች። እማዬ «ሰው ምን ይላል?» ብላ አለቀሰች።

ይህ «ሰው» ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ ያሳየኝ የለም። ጎረቤቱን ስጠይቅ «እኔስ ግድ የለኝም፣ ሰው ምን ይላል ብዬ ነው» ይለኛል። ሁሉም ሌላውን ይፈራል፣ ሁሉም በሌላው ያሳብባል። ሸክላ ሠሪዋ ግን ደጅ እንደቆመች ናት። የምትቆመው በእኛ ነው፤ በእናቴ፣ በአባቴ፣ ዓመታት ሙሉ አይቼ ዝም ባልሁት በእኔ።

ሕግማ ሞልቶናል። አጤ ምኒልክ ሠራተኛ በሙያው እንዳይሰደብ ያወጁት በ1900 ዓ.ም. ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 በማኅበራዊ አመጣጥ ሰው እንዳይለይ ይከለክላል። የትኛውም አዋጅ ግን ጓዳችን ገብቶ ሳህን አይቆጥርም። አባዬ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ከማና ጎን ተቀምጦ የጌታን እራት ይወስዳል፤ የገዛ ቤቱ ምሳ ላይ ሲደርስ ተነሥቶ ይወጣል። ይህን ስነግረው ተቆጣኝ። ይቆጣ!

«ዘራቸው ሌላ ነው» ለሚሉት ደግሞ መልስ አለ። በ2015 እ.ኤ.አ. ፕሎስ ጄኔቲክስ በተባለ መጽሔት የወጣ ጥናት የአሪ አንጥረኞችንና የአሪ ገበሬዎችን ዘረ መል መርምሮ ነበር። ያገኘው ሁለቱም ከአንድ ምንጭ የተቀዱ መሆናቸውን ነው። ዛሬ በመካከላቸው የሚታየው ልዩነት የመጣው አንጥረኞቹ ተለይተው፣ እርስ በርሳቸው ብቻ እየተጋቡ በመኖራቸው ነው። የተገለሉት የተለዩ ስለነበሩ አይደለም፤ ስላገለልናቸው ተለዩ። አጥሩን እኛው አጥረን፣ «ከአጥሩ ወዲያ ያለው ሌላ ዘር ነው» እንላለን!

«ባህል ነው፣ አይነካም» የሚለኝም አለ። እዚሁ አቅራቢያችን፣ ኦሞ ወንዝ ዳር፣ የካራ ሰዎች የላይኛው ጥርሱ ቀድሞ የበቀለን ሕፃን «ሚንጊ» ብለው ይጥሉ ነበር። በ2012 እ.ኤ.አ. ግን ራሳቸው ይቅር አሉ። ከዚያ ወዲህም ካራ ካራ ነው። እነሱ ሕፃን መጣልን ከተዉ፣ እኛ አንድ የቆርቆሮ ሳህን መጣል እንዴት ያቅተናል?

ወንድሜ ሽማግሌ ልኳል። በአገሩ ወግ ሽማግሌ የሚላከው ወደ ልጅቷ አባት ነው፤ እሱ ግን የላከው ወደ ገዛ አባቱ ነው። ሦስት ጊዜ መጡ፣ ሦስቱንም ጊዜ አባዬ «ላስብበት» አላቸው። ለእማዬ በግልጽ ነግሬያታለሁ፦ ልጅቷ ካልቀረበችበት ገበታ እኔም አልቀርብም። ከፋሲካ ወዲህ ቤታችን እህል አልቀመስሁም። እናት ናትና ይከብዳታል፤ ለእኔም ይከብደኛል።

ባለፈው ቅዳሜ፣ አባዬ ገና «እያሰበ» ሳለ፣ እማዬ ገበያ ወርዳ ለሠርጉ የሚሆን ትልቅ ድስት ገዛች። የገዛችው ከልጅቷ እናት ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ዋጋ ሳትከራከር። ቤት ይዛ የመጣችው ግን ድስቱን ብቻ ነው።